የቱላው አበባ ፓሽን ፍሩት ነው?
ከቱላ ወጣ ብሎ የማሳ አጥር ላይ ስለተገኘ አበባ ያለው ሐረግ የወጣ አንድ ጽሑፍ ሐረጉን አገር በቀል ብሎታል። ፓሽን ፍሩት ግን መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ወፍ ፍሬውን በልታ ዘሩን ስለምትጥለው ማንም ሳይተክለው ይበቅላል።

ፓሽን ፍሩት መሆኑን በአበባው ብቻ አትወስኑ፤ ቅጠሉን እዩ። ሦስት ጣት አለው፣ ጠርዙ መጋዝ መሳይ ነው፤ የቅጠሉ ዘንግ ከቅጠሉ ጋር በሚገናኝበት ላይ ሁለት ጥቃቅን እብጠቶች ይታያሉ። አበባው መሃል ደግሞ ከሥራቸው ሐምራዊ፣ ከጫፋቸው ነጭ የሆኑ ክሮች ክብ ሠርተዋል፤ ከላያቸው 5 ወንዴና 3 ሴቴ ጫፎች ይቆማሉ።

አበባው የአንድ ቀን ነው። ቢጫ ፍሬ የሚሰጠው ዓይነት ብቻውን ከሆነ አብቦ አብቦ ፍሬ አይዝም፤ የሌላ ተክል ብናኝ ይፈልጋል። ያንን የሚያመጣለት እንጨት የሚበሳው ትልቁ ጥቁር ንብ ስለሆነ አበባ ሲፈካ ፀረ ተባይ እባካችሁ አትርጩ።

ለማባዛት ሥሩን አትንቀሉ፤ 3 አንጓ ያለው የበሰለ ሐረግ ቆርጣችሁ ሁለቱን አንጓ ቅበሩ። ውኃ የሚያቁር ቦታ ላይ ሥሩ ይበሰብሳል። ልጆች ጥሬውን ፍሬ እንዳይበሉ፣ ሳያናይድ የተባለ መርዝ የሚያመነጭ ነገር አለው። የበሰለው ራሱ ይረግፋል፣ ከመሬት ልቀሙት።