የቀረን ፌዝ ብቻ ነው

ካቻቢቴ የያዘ ዘመድ የሌለው ሰው ያሳዝነኛል። እኛ ደሴዎች በዚህ ታድለናል፤ በየቤቱ አንድ አይጠፋም። ታውቋቸዋላችሁ። «ለዚች ብላችሁ ነው ሠራተኛ የምትጠሩ?» የሚሉት ናቸው።

የኛው የባለቤቴ አጎት ናቸው። ባለፈው እሁድ ለቡና መጥተው የሳሎናችን ሶኬት መላላቱን አዩ። የስልክ ቻርጀር ሲሰካበት ይወድቃል፣ ሌላ ጥፋት አልነበረበትም። አቦሉ ሳይቀዳ አዲስ ሶኬት አስገዙ። «ብሬከሩን ላውርደው?» ብላቸው «ተው አንተ፣ ቡናው ይበላሻል» አሉኝ። ቡናው የተጣደው ከሰል ላይ ነው።

ሶኬቱ ተቀየረ። ቴሌቪዥኑ በራ። «እድሜ ይስጥዎ» ተባባልን። ወዲያው ማጀት ያለው ፍሪጅ ዝም አለ፣ መኝታ ቤቱም ጨለመ።

አዋቂ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ተራ ሰው ቢሆን አሁን የነካውን ሶኬት መልሶ ይከፍት ነበር። እሳቸው የነኩትን ትተው ያልነኩትን ሁሉ መረመሩ። አምፖሉን ፈቱት። ፍሪጁን ከግድግዳ አስነስተው ጀርባውን አሹት። ጎረቤት መብራት መኖሩን እንዲያይ ልጅ ላኩ። ልጁ «አለ» ብሎ ሲመለስ «እነሱ ሌላ ፌዝ ላይ ናቸው» ብለው ዘጉት።

ከዚያ ቴስተሩ ወጣ። የማጀቱ ሶኬት አንዱ ቀዳዳ ውስጥ ሲከቱት በራ። ሌላኛው ውስጥ ሲከቱትም በራ። ፊታቸው አብሮ በራ። «ያውላችሁ! መብራቱ በሁለቱም በኩል እየመጣ ነው። ፍሪጁ ነው የሞተው!» ቤተሰቡ ተደነቀ። በአንድ ቀዳዳ ብቻ እየመጣ ስንት ዓመት ያኖረን መብራት በእሳቸው እጅ እጥፍ ሆነ። ቶናው ተጠጣ፣ ማብራሪያው አላለቀም። በረካ ላይ ስንደርስ ስለ ቮልቴጅ መውረድ እያስረዱን ነበር። ከሳሎን እስከ ማጀት ኤክስቴንሽን ተዘረጋ። አማቴ ረከቦቱን ይዘው ሊያልፉ ሲሉ ገመዱ ጠለፋቸው፣ ሁለት ሲኒ ተሰበረ። ጥፋቱ የሲኒው ሆነ። ያ ሞቷል የተባለው ፍሪጅ ኤክስቴንሽኑ ላይ ሲሰካ ደግሞ ሠራ። «ነቃ!» አሉ አጎታችን፣ ትንሣኤውንም የራሳቸው አደረጉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። መብራት የሚያመጣው ሽቦ ፌዝ፣ የሚመልሰው ኒውትራል ይባላል። የማጀቱና የመኝታ ቤቱ መስመር የሚያልፈው በሳሎኑ ሶኬት በኩል ነው። እዚያ ውስጥ ኒውትራሉ ሳይጠብቅ ቀርቶ አምልጧል። ኒውትራል ተቋርጦ የተሰካ ነገር ካለ ፌዙ በዕቃው ውስጥ አልፎ በሌላኛው ቀዳዳ ብቅ ይላል፤ ቴስተሩ ሁለቱም ላይ የበራው ለዚህ ነው። ማጀት የቀረልን ፌዝ ብቻ ነበር ማለት ነው። ሳሎንም ሌላ አልነበረም።

እስከዚህ እስቃለሁ። አንድ ነገር ላይ ግን ሳቄ ይቆማል። ከአሮጌው ሶኬት ጋር አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያላት የመሬት ሽቦ ነበረች። «ትርፍ ናት» ብለው ከሥሯ ቆርጠዋታል። ምጣድ የሚሰካበት ሶኬት ላይም እንዲሁ የሚያደርጉ አሉ። የምጣዱ ብረት መብራት ቢይዝ ማምለጫው ያች የተቆረጠች ሽቦ ነበረች። ከተቆረጠች ማምለጫው የምትጋግረው ሴት ገላ ነው። «ነዘረኝ» ስትል መልሳችሁ ምንድን ነው? «በላስቲክ ጫማ ቁሚ»! አታፍሩም? እናቶቻችን ከዓመት ዓመት ጫማ ቀይረው እየጋገሩ ነው፣ እናንተ አንድ ሽቦ መቀጠል አቅቷችሁ!

ማክሰኞ ሠራተኛ ጠራሁ። ወጣት ልጅ ነው። መጀመሪያ ብሬከሩን አወረደ። የሳሎኑን ሶኬት ከፈተ፣ ያመለጠውን ሽቦ መልሶ ብሎኑን አጠበቀ፣ የተቆረጠችውንም ቀጠላት። ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልፈጀበትም።

አጎታችን ባትሪ ይዘው ሲያበሩለት ቆዩና ሲጨርስ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔም እሱን ነበር የጠረጠርሁ» አሉ።

ሲወጡ የሻወሩ ማሞቂያ ሥር ትንሽ ቆም ብለው ሲያዩ አየኋቸው። ካቻቢቴውን ኪሳቸው ውስጥ እየዳበሱ ነበር።