ለሥዕሉ ጀርባውን የሰጠ ተማሪ

የሥዕል ተማሪዎች ኤግዚቢሽን ሲጎበኙ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እዚያ ዋናው ነገር ከሥዕሉ ጎን የተለጠፈችው ትንሽዬ ወረቀት ናት። ርዕስ፣ የሠዓሊው ስም፣ ዓመተ ምሕረት፣ «የዘይት ቀለም በሸራ ላይ»። ተማሪው ይህችን ደብተሩ ላይ ይገለብጥና ወደሚቀጥለው ወረቀት ይሮጣል። ሥዕሉ? እሱማ የወረቀቷ ጌጥ ነው።

በልጆቹ አይፈረድም። ሪፖርት ታዘዋል። ሪፖርት ደግሞ የሚሞላው በስምና በዓመተ ምሕረት ነው፤ «ጥላው ለምን ሰማያዊ ሆነ?» ብሎ የጠየቀ ማርክ አያገኝም። መምህሩም ቢሆኑ «አትንካ!»፣ «አትሩጪ!»፣ «ያ ልጅ የት ገባ?» እንዳሉ አንድ ሥዕል ሳያዩ ይወጣሉ።

አዋቂውም አይሻልም። እ.ኤ.አ. በ1961 የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የማቲስን «ጀልባው» የተባለ ሥዕል ዘቅዝቆ ሰቀለው። 47 ቀን! ከ100,000 በላይ ሰው ሙዚየሙን ጎበኘ። ስንቱ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ «ጥልቅ ነው» እንዳለ እሱ ይወቀው። በመጨረሻ የነቃችው አንዲት የአክሲዮን ደላላ ናት። ሠዓሊም፣ ሃያሲም አይደለችም። ጀልባውንና ውሃው ላይ ያረፈውን ነጸብራቅ አስተያየች። ዋናው ጀልባ እንዴት ከነጸብራቁ በታች ይሆናል? አለቀ። ይቺ ሴትዮ የሥዕል ክፍል ብትገባ ሪፖርት አታጽፉብኝ።

እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ሁለት ታዳጊዎች ሳን ፍራንሲስኮ ሙዚየም ውስጥ መነጽር ወለል ላይ አስቀምጠው ዞር አሉ። ጎብኚው ከበበው። ፎቶ ለማንሳት ወለል ድረስ የወረደም ነበር። ልጆቹ ከዚያ ጉብኝት የተማሩትን ማንም አስተማሪ አያስተምራቸውም፤ ነጭ ግድግዳና ጸጥታ ካለ መነጽርም ጥበብ ይሆናል።

ወደ ተማሪዎቻችን ስንመለስ፣ ከመካከላቸው የሚማረው ብዙ ጊዜ እስክሪብቶ የረሳው ነው። የሚገለብጥበት ስለሌለው ማየት ግዴታው ነው። ጠጋ ይላል። አረንጓዴ የመሰለው ሜዳ ለካ ጎን ለጎን የተጫረ ሰማያዊና ቢጫ ነው! ወደ ኋላ ይላል፤ ሜዳው አረንጓዴ ይሆናል። እንደገና ጠጋ። ጥበቃው መጠርጠር ይጀምራል። ልጁ አንድ ሥዕል ላይ እንደተገተረ ጓደኞቹ ሙዚየሙን ጨርሰው አውቶቡስ ውስጥ ናቸው።

በማግስቱ ስለ ሰማያዊና ቢጫው አንድ ገጽ ሙሉ ጽፎ ያስረክባል። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ፦ «ዓመተ ምሕረቱስ? 3/10።»