አሮጌ አውቶቡስ ቤት ይሆናል?

(ከአገልግሎት የወጣ አውቶቡስ ተለውጦ መኖሪያ ይሁን ወይስ አይሁን በሚለው ላይ አንድ አናጢና አንድ የከባድ መኪና መካኒክ በጽሑፍ ያደረጉት ክርክር።)

አናጢው፦ ቤት ሲሠራ ገንዘብ የሚበላው መሠረት፣ ግድግዳና ጣሪያ ነው። አውቶቡስ ሦስቱንም ይዞ ይመጣል። ወንበሮቹ ሲፈቱ 10 ሜትር ርዝመትና 2.3 ሜትር ስፋት ያለው ክፍል ካገኙ 23 ካሬ ሜትር ሆነ ማለት ነው። መስኮት በግራም በቀኝም አለ። ለቁርጥራጭ ብረት የታሰበ ነገር ሰው ቢያድርበት ምን ክፋት አለው?

መካኒኩ፦ ወንድሜ፣ ነገሩን አልጋ በአልጋ አደረጉት። እኔ መኪና የማየው ከሥሩ ተኝቼ ነው። ወንበሮቹ የታሰሩባቸው የብሎን ቀዳዳዎች ተሳፋሪ በጫማው ያስገባውን ውሃ ለዓመታት ሲጠጡ ኖረዋል። ምንጣፉና ኮምፔርሳቶው ካልተነሳ ዝገቱ አይታይም። ብዙ ሰው ደግሞ አያነሳውም፤ በላዩ አዲስ ወለል ያነጥፍና ፎቶ ይነሳበታል። ጎማውስ? ጥርሱ ስላልተበላ ደህና ይመስላል፤ ላስቲክ ግን ቆሞም ያረጃል። ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች ያንብቡ፤ 2312 ከሆነ በፈረንጆቹ 2012 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። በዚያ ጎማ ቤተሰብ ይዞ ቁልቁለት መውረድ ይቻላል?

አናጢው፦ ጎማው ይቀየር፤ በዚህ አልከራከርም። ወለሉን እስከ ብረቱ ያላነሳም ሥራ አልጀመረም። የበሰበሰው ተቆርጦ ላሜራ ይበየዳል፣ ጸረ ዝገት ይቀባል። አድካሚ ነው፤ ግን የታወቀ ሥራ ነው።

መካኒኩ፦ ከውስጥ የሚመጣውስ? ሌሊት የተኛ ሰው ትንፋሽና የማብሰያ እንፋሎት ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ ውሃ ይሆናል። ከእንጨት ግድግዳዎ ጀርባ ተደብቆ ብረቱን ያዝጋል፤ እርስዎ የሚያውቁት ሲሸት ነው።

አናጢው፦ ለዚህ ነው ከላሜራው ጋር አየር ሳይተው የሚጣበቅ ፎም የምንጠቀመው፤ ጣሪያው ላይም አየር ማውጫ እንከፍታለን። ክብደቱን እንደሚያነሱብኝ ስለማውቅ ልቅደምዎ፦ 40 ሰው በ70 ኪሎ ሲሰላ 2800 ኪሎ ነው። የኔ አልጋ፣ ቁም ሳጥንና 300 ሊትር ውሃ ተደምረው እዚያ አይደርሱም።

መካኒኩ፦ ተሳፋሪ ማታ ይወርዳል! የእርስዎ ቁም ሳጥን አይወርድም፤ ሸክሙን የሚችለው የብረት ስፕሪንግ፣ ባሊስትራው፣ አርፎ አያድርም። ደግሞ ሰው በሁለቱም ጎን ይቀመጣል። እናንተ ግን ማብሰያውን፣ የውሃ ታንከሩንና ባትሪውን ለቧንቧና ለሽቦ ይመቻል ብላችሁ ባንድ ጎን ትደረድራላችሁ። ኩርባ ላይ ያኔ እንገናኝ።

አናጢው፦ ይሄ እውነት ነው፤ የራሴም የመጀመሪያ ሥራ ወደ ቀኝ አዘንብሎብኝ ግማሹን አፍርሼዋለሁ። አሁን ታንከሩን መሃል፣ ከኋላ አክስሉ (ከኋላ ጎማዎቹ ዘንግ) አጠገብ አኖራለሁ፤ ባትሪውን ከማብሰያው ትይዩ። ሥራው ሲጋመስም የየአክስሉን ክብደት አስመዝናለሁ።

መካኒኩ፦ እሺ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ሞተሩ ከኋላ የሆነ አውቶቡስ ብዙ ጊዜ በውስጥም፣ ከኋላ ወለል ላይ፣ የሞተር መክፈቻ አለው። እዚያ ላይ ምን ሠሩበት?

አናጢው፦ አልጋ። ግን በማጠፊያ የሚነሳ ነው።

መካኒኩ፦ ሌሊት፣ በዝናብ፣ ሕፃን ተኝቶበት እያለ ሞተሩ ሲጠፋ እኔን እንዳይጠሩኝ።