ሳይወጣ ያከራከረ ጌም

ክርክሩን የቀሰቀሰው አንድ ቀን ነው፤ ኖቬምበር 19 ቀን 2026። የቪዲዮ ጌም አምራቹ ሮክስታር ጌምስ ስድስተኛውን ግራንድ ቴፍት አውቶ፣ ተጫዋቾች በአጭሩ ጂቲኤ 6 የሚሉትን ጌም፣ በዚህ ቀን ለገበያ እንደሚያቀርብ ቢያስታውቅም ቀጠሮ ሲቀይር የመጀመሪያው አይደለም። መጀመሪያ «በ2025» ብሎ ነበር፤ ከዚያ ወደ ሜይ 26 ቀን 2026 አዛወረው፤ አሁን ደግሞ ወደ ኖቬምበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጌሙን በጉጉት ከሚጠብቁ የማውቃቸው ሰዎች መካከል ሦስቱ በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ አብሬያቸው ነበርሁ። በጉጉት ማንም ከማንም አያንስም፤ የተለያዩት ምን መገመት እንደሚገባ እና ግምት በምን ላይ መቆም እንዳለበት ነው።

ቀድሞ የተናገረው በሶፍትዌር ሥራ የሚተዳደረው ነው። መዘግየቱ እንደማያሳስበው፣ እንዲያውም ደስ እንደሚለው ገለጸ። ያቀረበው ማስረጃ የድርጅቱን የራሱን ታሪክ ነበር። አራተኛው ጂቲኤ በኦክቶበር 2007 ይወጣል ተብሎ በኤፕሪል 2008 ወጣ፤ አምስተኛው ለ2013 የመጀመሪያ አጋማሽ ተቀጥሮ ሴፕቴምበር 17 ቀን ደረሰ፤ «ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2» ደግሞ ከ2017 መገባደጃ ወደ 2018 የመጀመሪያ አጋማሽ፣ ከዚያም ወደ ኦክቶበር 26 ቀን 2018 ሁለት ጊዜ ተራዝሞ ነው ከተጫዋች እጅ የገባው። «ሦስቱም ዘገዩ፤ ሦስቱም የሃያስያንን ነጥብ በሚያጠቃልለው በሜታክሪቲክ ድረ ገጽ ላይ ከመቶ ዘጠና ሰባትና ከዚያ በላይ አገኙ» አለ። ኮድ ለሚጽፍ ሰው ስህተት የሚታረምበት ጊዜ ከሥራው ማብቂያ በኋላ የሚመረቅ ትርፍ ሳይሆን የሥራው ዋና ክፍል መሆኑን፣ ይህንንም ከውጭ የሚያይ ሰው እንደማይረዳው አከለበት።

ከ2002ቱ ቫይስ ሲቲ ጀምሮ ተከታታዩን የተጫወተችው ወዳጃችን ግን በዚህ አልተረታችም። «ወንድሜ፣ የዘገየ ሁሉ የበሰለ ቢሆን ኖሮ ሳይበርፐንክ 2077 ምን ነካው?» ስትል ጠየቀችው። ያ ጌም በ2020 ብቻ ሦስት ጊዜ ተራዝሞ፣ በመጨረሻ ዲሴምበር 10 ቀን ሲወጣ በቀድሞዎቹ ኮንሶሎች (የጌም መጫወቻ መሣሪያዎች) ላይ በትክክል መሥራት ስላቃተው፣ የፕሌይስቴሽን አምራቹ ሶኒ ከራሱ መሸጫ አንሥቶ ለገዢዎች ገንዘባቸውን እስከ መመለስ ደርሷል። ሰውየው ያ የሌላ ኩባንያ ሥራ ነው ብሎ ሊያልፈው ሲል፣ እርሷ ከዚያው ከሮክስታር ጓዳ ሌላ ምሳሌ አወጣችለት፤ በ2021 ሦስቱን የቀድሞ ጂቲኤዎች አንድ ላይ አድሶ ያወጣው ስብስብ በስህተት የተሞላ ሆኖ ድርጅቱ ራሱ ይቅርታ ጠይቋል። እድሳቱን የሠራው ሌላ ስቱዲዮ መሆኑን ሰውየው አስታወሳት። «ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ስም ግን የማን ነው?» አለችው። ለዚህ መልስ አላገኘም።

ይህን ጊዜ ነው ከሦስቱ በዕድሜ የሚያንሰው የገባበት። የሳይበርፐንክ ሁለተኛ ቀጠሮ ከተሰረዘ በኋላ የተቆረጠው ቀን ኖቬምበር 19 እንደነበረና ያም ቀን ሳይጠበቅ መቅረቱን አስታውሶ፣ ይህ የቀን መግጠም «ምልክት» ሳይሆን እንደማይቀር በፈገግታ ተናገረ። ቀልድ መሆኑን ሁላችንም አውቀናል፤ ነገር ግን ወጣቱ ከምር ከሚያምናቸው ነገሮች የማይርቅ ቀልድ ነበር። እርሱ ከትሬይለሮቹ፣ ከጌሙ ማስተዋወቂያ ቪዲዮዎች፣ እያንዳንዱን ምስል አቁሞ ከሚመለከቱት ወገን ነውና። ሁለቱ ዋና ገጸ ባሕርያት፣ ሉሲያና ጄሰን፣ የሚንቀሳቀሱባት ሊዮናይዳ የተባለችው ግዛት በፍሎሪዳ፣ ከተማዋ ቫይስ ሲቲም በማያሚ አምሳል የተሠሩ በመሆናቸው፣ ከትሬይለሩ አንድ ድልድይ ወይም ሕንፃ ወስዶ ከእውነተኛው ፎቶግራፍ ጋር ማስተያየት፣ ከዚያም የጥላውን አቅጣጫ እያየ በካርታ ላይ ቦታ መስጠት ለእርሱና ለመሰሎቹ የዘወትር ሥራ ሆኗል። ስለ ግራስሪቨርስ ረግረግ፣ ስለ ፖርት ጌልሆርን፣ ስለ ካላጋ ተራራ እዚያው ተወልዶ እንዳደገ ሰው ነው የሚናገረው።

ሴትዮዋ የካርታውን ነገር በትዕግሥት ካዳመጠች በኋላ ስለ ጨረቃው ጠየቀችው። ይህ ጉዳይ ማብራሪያ ይፈልጋል። ከመጀመሪያው ትሬይለር በኋላ በነበረው ረጅም የዝምታ ዘመን አድናቂዎች ሮክስታር በሚያሰራጫቸው የማስታወቂያ ምስሎች ላይ የምትታየውን ጨረቃ እየቆጠሩ፣ ሙሉና ጎዶሎ መሆኗን እያመሳከሩ ሁለተኛው ትሬይለር የሚወጣበትን ቀን አስልተው ነበር። ቀኑ መጣ፤ ምንም ሳይሆን አለፈ። ሌላ ቀን ተሰላ፤ እርሱም አለፈ። ትሬይለሩ የመጣው ማንም ባላሰበው ጊዜ፣ ሜይ 6 ቀን 2025፣ መዘግየቱ ከተነገረ ከአራት ቀን በኋላ ነው። «አንተ ልጅ፣ ድርጅቱ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ እናንተ በነፃ ማስታወቂያ ትሠሩለታላችሁ» አለችው። ወጣቱ አልተቆጣም። የመጀመሪያው ትሬይለር በ2023 ሲወጣ በአንድ ቀን ውስጥ በዩቲዩብ ከ90 ሚሊዮን ጊዜ በላይ መታየቱን ጠቅሶ፣ ሮክስታር የእርሱ ማስታወቂያ እንደማያስፈልገው፣ ግምቱ ራሱን የቻለ ጨዋታ መሆኑንና ጌሙ በእጁ እስኪገባ ድረስ የሚጫወተው እርሱን እንደሆነ መለሰ። መልሱ ባያሳምናትም ዝም አሰኛት።

በሴፕቴምበር 2022 ሾልከው ስለወጡት ወደ ዘጠና የሚሆኑ ቪዲዮዎችም ተነሥቶ ነበር። ያላለቀውን ሥራ አይተው «ግራፊክሱ ይህ ከሆነ ጌሙ ከንቱ ነው» ያሉ ሰዎች እንደነበሩ፣ ያን ጊዜም የሌሎች ጌሞች ሠሪዎች የራሳቸውን ታዋቂ ሥራ ጅምር መልክ አውጥተው በማሳየት ለሮክስታር ባልደረቦች እንዳገዙ የሶፍትዌሩ ሰው አስታወሰ። በዚህ ላይ ሦስቱም ተስማሙ። ስለ ዋጋውና ለኮምፒውተር የሚሆነው ቅጂ መቼ እንደሚወጣ ግን ብዙ አልቆዩበትም። አምስተኛው ከኮንሶል ወደ ኮምፒውተር ለመድረስ እስከ ኤፕሪል 2015 መቆየቱን፣ ስድስተኛው ደግሞ እስካሁን የተነገረው ለፕሌይስቴሽን 5 እና ለኤክስቦክስ ሲሪዝ ብቻ መሆኑን የሚያውቅ ሰው የሚጨምረው ነገር የለውም።

ክርክሩ የከረረው ሴትዮዋ ዓመቶቹን በተርታ ስታስቀምጥ ነው። ሦስተኛው በ2001፣ ቫይስ ሲቲ በ2002፣ ሳን አንድሪያስ በ2004፣ አራተኛው በ2008፣ አምስተኛው በ2013፣ ስድስተኛው በ2026። በአንድ ዓመት፣ በሁለት፣ በአራት፣ በአምስት ዓመት ልዩነት ሲመጣ የኖረ ነገር በድንገት ወደ አሥራ ሦስት የዘለለው፣ እርሷ እንደምትለው፣ ሥራው ስለከበደ ብቻ አይደለም። ከአምስተኛው ሁለት ሳምንት ያህል በኋላ፣ ኦክቶበር 1 ቀን 2013፣ ተጫዋቾች በኢንተርኔት አብረው የሚጫወቱበት ጂቲኤ ኦንላይን ተከፈተ፤ በእውነተኛ ገንዘብ የጌም ውስጥ ገንዘብ የሚሸጥበት ገበያም አብሮ መጣ። አምስተኛው ጌም በሦስት ትውልድ ኮንሶሎች እየተሸጋገረ ከ200 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ከተሸጠ፣ ኦንላይኑም ገቢ ማስገባቱን ካላቆመ፣ ድርጅቱን የሚያቻኩለው ምን ነገር አለ? ይባስ ብሎ፣ ድርጅቱ በ2013 መገባደጃ ላይ ለብቻ ለሚጫወቱት የታሪኩ ክፍል በ2014 ከፍ ያለ ተጨማሪ እንደሚያወጣ ተናግሮ ነበር፤ ያ ተጨማሪ ሳይወጣ ቀረ። «እኔ የፈራሁት ጌሙ መጥፎ ይሆናል ብዬ አይደለም» አለች፤ «ታሪኩን በአንድ ወር ጨርሼ፣ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሁሉ ለእኔ ላይሆን ነው።» የተከታታዩ ዋና ጸሐፊ የነበረው ዳን ሃውዘር በ2020 ድርጅቱን መልቀቁም ይህን ፍርሃቷን እንዳባባሰው አልደበቀችም።

የሶፍትዌሩ ሰው ሁለት ነገር መለሰላት። አንደኛ፣ በመሀል ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2ን የሚያህል ሥራ ስለተሠራ አሥራ ሦስቱን ዓመት ለአንድ ጌም ብቻ መቁጠር ትክክል አይደለም፤ ሁለተኛ፣ የዛሬ ጌም የሚጠይቀው የሰው ኃይልና የዝርዝር ብዛት ከ2002ቱ ጋር አይወዳደርም። ወጣቱ ደግሞ ያልጠበቅሁትን ተናገረ። አምስተኛው ሲወጣ እርሱ ገና ልጅ ነበር፤ የታሪኩን ክፍል የጨረሰው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ከጓደኞቹ ጋር ያደገው በኦንላይኑ ውስጥ ሲሆን፣ ለዓመታት የተጨመሩለትን ተልእኮዎችና ዝርፊያዎች ሁሉ ያለ ክፍያ ነው ያገኘው። «እህቴ፣ ከአንቺ ተወሰደ የምትዪው ለእኔ ነው የተሰጠው» አላት። በዚያ ምሽት ከተነገረው ሁሉ ለረጅም ጊዜ ያሰብሁበት ይህን ዓረፍተ ነገር ነው።

የእኔን ፍርድ ከጠየቃችሁ፣ በቀኑ ጉዳይ ወደ ሶፍትዌሩ ሰው አደላለሁ፤ ነገር ግን እርሱ ባቀረበው ምክንያት አይደለም። መዘግየት በራሱ ስለ ጥራት አይመሰክርም፤ ሴትዮዋ ያነሣችው ምሳሌ ይህን ለማሳየት ይበቃል። ልዩነት ያለው በመዘግየቱ አካሄድ ላይ ነው። ሳይበርፐንክ ከኤፕሪል 16 ወደ ሴፕቴምበር 17፣ ከዚያ ወደ ኖቬምበር 19፣ ከዚያ ወደ ዲሴምበር 10 ነው የተገፋው፤ መጀመሪያ አምስት ወር፣ ቀጥሎ ሁለት ወር፣ በመጨረሻ ሦስት ሳምንት። እየጠበበ የሚሄድ ማራዘሚያ ዓመቱ ሳያልቅ መሸጥ ያለበት፣ ሥራው ግን አልጨረስ ያለው ድርጅት የሚጠይቀው ዓይነት ነው። ሮክስታር የጠየቀው ግን ስድስት ወር ያህል ሲሆን፣ የጠየቀውም ቀኑ ሊደርስ ሲል ሳይሆን ከግማሽ ዓመት በላይ እየቀረው ነው። ይህ ለስህተት ማረሚያ የሚበቃ ጊዜ ነው። ሬድ ዴድም ከሁለተኛው ማራዘሚያ በኋላ በቀጠሮው ወጥቷል። አንድ ምሳሌ ሕግ አይሆንም፤ ሆኖም ውርርድ ቢኖር ገንዘቤን የማስቀምጠው በዚህ ወገን ነው።

ሴትዮዋ የአድናቂዎችን ግምት ሁሉ ነፃ ማስታወቂያ ማለቷን ግን አልቀበልም፤ ወጣቱ ደግሞ ካርታውንና ጨረቃውን በአንድ ስም መጥራቱ ስህተት ነው። የካርታው ግምት ጌሙ በወጣ ቀን ከእውነተኛው ጎን ተቀምጦ ሊፈተን፣ ይህ ድልድይ ተሳስቷል፣ ያኛው ልክ ነው ሊባልበት ይችላል፤ ሠሪው ሲሳሳት የሚታወቅበት ሥራ በመሆኑ አከብረዋለሁ። የጨረቃው ስሌት ግን ቀኑ ባለፈ ቁጥር ወደሚቀጥለው ቀን ስለሚሸጋገር፣ ሠሪው ተሳስቶ የሚያውቅበት ጊዜ የለም። ሌሊቱን ሙሉ ሲቀመር ቢታደር ከጠብታ የሚቆጠር ዕውቀት አይገኝበትም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ሴትዮዋ በመጨረሻ ያነሣችው ሆኖ ሳለ፣ ከአድናቂዎቹ ግምት ውስጥ ትንሹን ቦታ የያዘው እርሱ ነው። በሁለቱ ትሬይለሮችና ከሁለተኛው ጋር በወጡት ምስሎች ውስጥ የገጸ ባሕርያት ስም፣ የቦታ ስም፣ የመኪና ዓይነት ሞልቷል፤ ስለ ኦንላይኑ ግን አንድም ዝርዝር የለም። የሚቀጥሉትን አሥር ዓመታት የሚወስነው እንግዲህ ያልተነገረው ክፍል ነው። ወጣቱ ትክክል ነው፤ ኦንላይኑ ለእርሱ ትውልድ እውነተኛ ስጦታ ነበር። ነገር ግን ስጦታው የመጣው ለታሪኩ ወዳጆች የተነገረው ቃል ቀርቶ ስለሆነ፣ ሁለቱ የሚጫወቱት ጌም አንድ ዓይነት ቢመስልም ከድርጅቱ የሚጠይቁት ነገር ይለያያል። ስለዚህ በሚቀጥለው መግለጫ እኔ የምፈልገው የካርታውን ስፋት ወይም የምስሉን ጥራት አይደለም። ታሪኩና ኦንላይኑ አብረው ይሸጣሉ ወይስ ተለያይተው? ለታሪኩ ተጨማሪ ክፍል ይኖራል ወይ? «ይኖራል» ከተባለ ደግሞ የሚሠራውን ቡድንና የሚወጣበትን ጊዜ እጠይቃለሁ፤ የ2014ቱ ቃል ዓመት ተቆርጦለትም ቀርቷልና፣ ዓመት እንኳ ያልተቆረጠለትን እንዳልተነገረ እቆጥረዋለሁ።