ጋዝ አልቋል አትበሉኝ!

ኧረ አቦ ተዉኝ! አሁን ነው የገባሁት። ቬንትሌተሩ ፊት ልቀመጥ ብል መብራት የለም። በግንቦት፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ ድሬ ላይ መብራት የለም! ስልኬ ሳይዘጋ የሆዴን ልተንፍሰው፤ አለዚያ ንዴቴን እማዬ ላይ ነው የምወጣው፣ እሷ ደግሞ ዛሬ የደረሰባት ይበቃታል።

ነገሩ የኮሮላዋ ኤሲ ነው። አዎ፣ ያው ነው። «ተሠራች» ብዬ የለጠፍኩት ፎቶ ገና ከገጼ ላይ ወደታች እንኳ አልወረደም። ዛሬ ጠዋት እማዬን ለቀጠሮዋ ከሳቢያን ይዤ ስወጣ ከፈትኩት፤ ከክሩስኮቱ የወጣው ንፋስ የውጪውን የሚያስመሰግን ነው። መስኮት ከፈትን፣ አቧራ። መስኮት ዘጋን፣ እሳት። ኮምፕሬሰሩ ጠቅ ይላል፣ ወዲያው ይለቃል፤ ጠቅ ይላል፣ ይለቃል። እማዬ ግፊት እንዳለባት ታውቃላችሁ። ነጠላዋን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ የቀጠሮ ካርዷን ማራገቢያ አድርጋው «ግድ የለም ልጄ፣ ደርሰናል» ትለኛለች። ገና ለገሀሬ ነን!

ከሐኪም ቤት መልስ ቀጥታ ባለፈው ወር ጋዝ ወደሞላልኝ ጋራዥ ነዳሁ። ስሙን አልጠራም። መካኒኩ ኮፈኑን ከፈተው። አላየውም፤ ከፈተው ብቻ። የግፊት መለኪያውን ጌጅ ሰካ፣ ሞተሩ ጠፍቶ እያለ መርፌዋን አየት አደረገና «ጋዝ አልቆ ነው» አለ። ለማን? ለኔ መሰላችሁ? ለታናሽ ወንድሜ! 16 ዓመቱ ነው፣ መንጃ ፈቃድ የለውም፣ ከኋላ ወንበር ላይ ፍጢራውን እየበላ ነበር። መኪናዋን ነድቼ ያመጣሁት እኔ፣ ቁልፉ እጄ ላይ፣ ብሩ ቦርሳዬ ውስጥ፣ መልሱ ግን ለልጁ።

«ባለፈው ወር እኮ አንተው ነህ የሞላኸው» አልኩት።

«እና አልተጠቀምሽበትም?»

«ጋዝ በመጠቀም አያልቅም። ዝግ ነው። ካነሰ የሚወጣበት ቦታ አለ ማለት ነው። ከመሙላትህ በፊት እሱን ፈልግልኝ።»

«ቤንዚን ያልቃል አያልቅም?»

«ያልቃል።»

«የሞተር ዘይት ያንሳል አያንስም?»

«ያንሳል፣ ግን እሱ...»

«በቃ! ጋዝም ያልቃል።» ወደ ወንድሜ ዞረና «አንተ አስረዳት እስቲ» አለው።

አስረዳት! እሺ ብዬ ታገስኩ። በጣቴ ቦታውን አሳየሁት። ከራዲያተሩ ፊት ያለው የኤሲው ሙቀት መጣያ፣ ኮንደንሰሩ ላይ፣ ቧንቧው የሚገጥምበት ብሎን ዙሪያ፣ መዳፍ የሚያህል ጥቁር እርጥብ ነገር አለ። የድሬ አቧራ ተለጥፎበት ጭቃ ሆኗል። የቀረው ቧንቧ ሁሉ ደረቅ ነው፣ ጣት ብታስኬዱበት ነጭ አቧራ ነው የሚያነሳው፤ እዚያች ጋ ብቻ ቅባት። ጋዙ ብቻውን አይወጣም፣ ኮምፕሬሰሩን የሚያለሰልሰውን ዘይት ይዞ ነው የሚወጣው። ጋዙ በኖ ይጠፋል፣ ዘይቱ እዚያው ይቀራል። ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም፣ ዓይን ይበቃል።

«የሞተር ዘይት ነው» አለኝ። ሞተሩ እኮ ከራዲያተሩ ወዲያ ነው! ዘይቱ ራዲያተሩን ዘሎ፣ ሌላውን ሁሉ ትቶ፣ የኤሲ ብሎን መርጦ ነው ያረፈው? «ወንድሜ፣ እኔ ፊዚክስ ነው የማስተምረው፣ ይሄ ነገር...» ብዬ ሳልጨርስ ጌጁን ቁጭ አደረገ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ግቢው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ፦

«ቲቸር፣ እኔ ክፍልሽ ገብቼ ጠመኔ ቀምቼሽ አውቃለሁ?»

ሳቁ! ረዳቶቹ ሳቁ። በር ላይ ሻይ ይዘው የተቀመጡት ሳቁ። ባጃጁን ሊያስጠግን የመጣው ሰውዬ፣ ምን እንደተባለ እንኳ ሳይሰማ፣ ሳቀ። ወንድሜ ፈገግ ሲል አይቼዋለሁ፤ እሱን እቤት ስንገባ ተነጋግረናል። ያልሳቀችው እማዬ ብቻ ናት።

አሁን ነው መልሱ የመጣልኝ። አትቀማኝም፣ ልክ ነህ! ግን እኔ ክፍል ያለ ልጅ አንድ ጥያቄ ሲስት ለምን እንደሳተ ነው የምመረምረው፤ በየወሩ መልሱን ሞልቼለት ብር አልቀበለውም!

ጎሚስታ እንኳ ከዚህ ይሻላል እኮ። ጎማሽ ተነፈሰ ብለሽ ስትሄጂ ንፋስ ሞልቶ ብቻ አይሸኝሽም፤ አውልቆ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ይፈልጋል። ኤሲ ላይ ሲሆን ይሄ ሐሳብ የት ይገባል?

ኤሲ ውስጥ እኮ የሚነድ ነገር የለም። ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ይገፋዋል፣ ኮንደንሰሩ ውስጥ ሙቀቱን ለውጪ ጥሎ ፈሳሽ ይሆናል፣ ክሩስኮቱ ሥር ያለው ኤቫፖሬተር ውስጥ ሲተን የመኪናውን ሙቀት ይወስዳል፣ ተመልሶ ይዞራል። ያው ጋዝ፣ ያው መስመር። ያረጀ የጎማ ቧንቧ በዓመታት ውስጥ ትንሽ ትንሽ ያሳልፋል፣ እሺ። በወር ግን? በወር የሚጠፋ ጋዝ ቀዳዳ አለው፣ አለቀ!

ጌጁን ደግሞ ሞተሩ ጠፍቶ ነው ያነበበው። 134ኤ የሚባለው የኤሲው ጋዝ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ነገር ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ መኪናው 35 ዲግሪ ላይ ከሆነ፣ ጌጁ ወደ 115 ፒኤስአይ ግፊት ያሳያል፤ ውስጡ ትንሽ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግማሽም ይሁን ሙሉ ያው ቁጥር ነው። መጠኑን ለማወቅ ሞተሩ ተነስቶ፣ ኤሲው ተከፍቶ፣ የጌጁ ሁለቱም ሰዓቶች፣ ሰማያዊውም ቀዩም፣ አብረው ይታያሉ። ያ ሰውዬ ያነበበው የድሬዳዋን ሙቀት ነው። እሱን ደግሞ ከእማዬ ፊት ላይ ማንበብ ይችል ነበር።

ሌላም አለ። ባለፈው ሐረር ስንወጣ፣ ደንገጎን ስንጀምር፣ እንዴት ቀዘቀዘ መሰላችሁ። እዚያ ማን ፈለገው? ሐረር ከኛ በ600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፣ አክስቴ ሹራብ ለብሳ ነው የተቀበለችን። ወርደን ከዚራ ገብተን ባጃጆች መሐል ስንቆም ደግሞ ሞቀ። ሲሄድ ይቀዘቅዛል፣ ሲቆም ይሞቃል ማለት እኮ የኮንደንሰሩ ቬንትሌተር አይዞርም ማለት ነው። ስትሄጂ የመንገዱ ንፋስ ኮንደንሰሩን ያቀዘቅዘዋል፣ ስትቆሚ ግን ቬንትሌተሩ ካልሠራ ሙቀቱን የሚወስድለት የለም። ያኔ የጋዙ ግፊት ይጨምራል። ግፊቱ ሲጨምር ቧንቧው መገጣጠሚያ ላይ ያለው ያረጀ ጎሚኒ አይችልም፣ ይለቃል። አያችሁ? አንዱ ከሌላው ጋር የተያያዘ ነው! ይህንንም ነገርኩት። «እሱ ሌላ ነው» አለኝ። ምኑ ነው ሌላ? ፊውዙን ማየት፣ ሪሌውን ከሌላ ተመሳሳይ ሪሌ ጋር ቀይሮ መሞከር፣ ቬንትሌተሩን በቀጥታ ከባትሪ ነክቶ ማየት ስንት ሰዓት ይፈጃል? አልነካውም።

የዚህች መኪና ታሪክ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። የ1990 ምርት ናት፣ በፈረንጅ። ስትሠራ የተሞላባት አር12 የሚባለው የድሮ ጋዝ ነው፤ ያ ኦዞንን የበሳው፣ በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ቀስ በቀስ ከገበያ የወጣው። ስለዚህ አንድ ቀን አንድ ሰው ወደ 134ኤ ቀይሯታል፤ መሙያ አፏ ላይ ሌላ መገጣጠሚያ ታስሮበት የድሮው ጥርስ ከሥሩ ይታያል። ያ ሰው ዘይቱን አብሮ ቀይሯል? የድሮው ዘይት ከአዲሱ ጋዝ ጋር አይዋሃድም፣ ኮምፕሬሰሩ ሳይለሰልስ ይበላል። ጎሚኒዎቹንስ? ማንም አይነግረኝም። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ለመኪናዋ ያደረገውን ሁሉ በደብተር የሚጽፍ ሰው ነበር። ዘይት የተቀየረበት ኪሎ ሜትር አለ፣ የችንጋው ዋጋ አለ፣ ሻማው አለ። ኤሲው ጋ ስትደርሱ ግን ምን አለ መሰላችሁ? «ጋዝ ተሞላ»። ገጽ ግለጡ፣ «ጋዝ ተሞላ»። ሌላ ገጽ፣ «ጋዝ ተሞላ»። አባቴንም እንዲሁ ሲያስከፍሉት ኖረዋል! ይሄን ሳይ ነው ደሜ የሚፈላው።

የሚፈሰው ነገር ደግሞ ዝም ብሎ አየር አይደለም። ይሄ 134ኤ የተባለው ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 እጥፍ በላይ ነው። ድሬ ላይ ቁጭ ብለን፣ ከማንም በላይ ሙቀት የምናውቅ ሰዎች፣ በየወሩ ወደ ሰማይ እንልከዋለን።

«የአየር መሳቢያ ፓምፕ የለንም» ቢለኝ እኮ ይገባኛል። አላቸው! ጥግ ላይ ላስቲክ ለብሶ ተቀምጧል። መስመሩ ከተከፈተ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አየሩና እርጥበቱ ተስቦ መውጣት አለበት፣ ከዚያ ፓምፑ ቆሞ መርፌዋ ከፍ ትል እንደሆነ ይታያል፤ ከፍ ካለች ቀዳዳ አለ። እርጥበቱ ካልወጣ ውስጥ ገብቶ አሲድ ይሆናል፣ ፈሳሹ ወደ ኤቫፖሬተሩ የሚገባባት ቀጭን መንገድ ላይ በረዶ ሠርቶ ይዘጋል። «ፓምፑን ለምን አትጠቀሙም?» ብለው «መብራት ሲኖር ነው» አለኝ። መብራት ነበር! ሬዲዮኑ ይጮህ ነበር እኮ!

ሰዓቱ ደግሞ ስድስት ሆነ። በቃ። ምሳ፣ ከምሳ በኋላ በርጫ፣ «አሥር ሰዓት ላይ ነይ»። እኔ በቀትር አትሥሩ ባይ አይደለሁም፤ በዚህ ፀሐይ ብረት የሚነካ ሰው እኔም አዝንለታለሁ። ግን ኮፈኗን ከፍቶ፣ ጌጁን ሰክቶባት፣ እናቴን ካርቶን ላይ አስቀምጦ «አሥር ሰዓት» ይባላል? እማዬ ቀና ብላ አየችኝና «ይሙላው ልጄ፣ እንሂድ» አለች። በቃ። ሞላው። በመጨረሻው ደቂቃ፣ ሳይመዝን፣ እጁ እንዳመጣለት። ከፈልኩ። ምን ላድርግ? እናቴ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ እኔ ስለ ፊዚክስ ልከራከር?

ስንመለስ ቀዘቀዘ፣ አዎ። መጋላ ላይ ባጃጆች ዘግተውን ስንቆም ሞቀ። ስንሄድ ቀዘቀዘ። አንድም ነገር አልተሠራማ!

እኔን የሚገለኝ ይሄ የኤሲ ብቻ አለመሆኑ ነው። የሮቶው ቧንቧ ሲያንጠባጥብ የጠራሁት ሰውዬ «ከሥሩ ባልዲ አድርጊለት» ብሎ የመምጫውን ተቀብሎኝ አልሄደም? ማቀዝቀዣውን የሠራልን እንደዚሁ ጋዝ ሞልቶ፣ በሁለተኛው ሳምንት ሥጋው ሸተተ፤ ስደውልለት «ብዙ ትከፍቱታላችሁ» አለ። ማንም «ለምን?» አይልም። ደግሞ የሚጠይቀው ሰው ነው ነገረኛ የሚባለው። ሴት ከሆነች ደግሞ መልሱ ለወንድሟ ነው የሚሰጠው።

አዲስ አበባ ያላችሁ ዘመዶቼ፣ «መስኮት ክፈቺ» የሚል አንድ ሰው እንዳይጽፍልኝ። እናንተ ሰኔ ላይ ካፖርት የምትለብሱ ሰዎች ናችሁ። ሐረር ያላችሁም «እኛ ጋ ነዪ» አትበሉኝ፣ ሥራዬ እዚህ ነው፣ የእማዬም ሐኪም እዚህ ነው።

ጋዙ አሁን ሙሉ ነው፣ ግፊት አለው፤ ቀዳዳውን ለመፈለግ የሚመቸው ደግሞ አሁን ነው። ማታ ቀዝቀዝ ሲል የሳሙና አረፋ በጥብጬ ኮፈኑ ሥር እገባለሁ። የእጅ ባትሪውን ወንድሜ ይይዛል፤ የሳቀበትን ይካስ። ያችን ብሎን በአረፋ ቀብቼ፣ አረፋው ሲነፋ በቪዲዮ ቀርጬ፣ ለዚያ ጋራዥ ነው የምልከው። የጎሚኒውን ልክ ከነመጠኑ የሚያውቅ፣ ፓምፑንም የሚያስነሳ፣ ሚዛንም ያለው ሰው የምታውቁ፣ ድሬም ይሁን ሐረር፣ ጅጅጋም ቢሆን እነዳለሁ፣ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። የጠየቀውን እከፍላለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ እኔ ስጠይቀው ለኔ ይመልስልኝ።