ጀማሪን ማድቀቅ ማሠልጠን አይደለም

እንቁጣጣሽ ባለፈ ሰሞን የአዲስ አበባ ጂሞች ይሞላሉ። ሠርግ የደረሰበት አለ። ሐኪም «ክብደት ቀንስ» ያለው አለ። የአምናው ሱሪ አልገባ ብሎት የመጣም አለ። ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ ግን ከአዲሶቹ ፊቶች ብዙዎቹ አይታዩም። «ወረት ነው፣ የሐበሻ ነገር!» ተብሎ ይታለፋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ጂም ጀምረው ያቆሙ ሰዎችን ስጠይቅ ደጋግሜ የምሰማው ስለ ስንፍና አይደለም። ስለ መጀመሪያው ቀን ነው።

አንዲት የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ሰፈሯ ያለ ጂም ተመዘገበች። በአርባዎቹ ውስጥ ያለች የሁለት ልጆች እናት ናት፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው የምትውለው። የደም ግፊት እንዳለባት የጠየቃት የለም። ጉልበቷን ያማት እንደሆነ የጠየቃትም የለም። ገመድ አዘለሏት። ከዚያ ስኳት፣ ቁጭ ብድግ ማለት ነው። ከዚያ ላንጅ፣ አንድ እግር ወደ ፊት ረግጦ ዝቅ ማለት። ከዚያ እንደገና ስኳት። «አይዞሽ እናቴ፣ አሥር ብቻ ቀረሽ!» ይላታል አሠልጣኙ። አሥሩ ሲያልቅ ሌላ አሥር ይጨምርላታል። እግሯ ይንቀጠቀጣል፣ ያቅለሸልሻታል፣ ግን «በቃኝ» ማለት አፈረች። ልጁ ትሑት ነው፣ ከልቡ ነው የሚያሠራት፣ እንዴት ብላ ታስቁመው? ይሉኝታ ያዛት። በማግስቱ እንደምንም ሥራ ገባች። በሦስተኛው ቀን ጠረጴዛ ሳትደገፍ ወንበር ላይ መቀመጥ አቃታት። ከታክሲ ስትወርድ ረዳቱ ክንዷን ይዞ «ቀስ ይበሉ እማማ» አላት። የሦስት ወር ከፍላ ነበር። አልተመለሰችም።

አሠልጣኙ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ደንበኛውም ራሱ ይህንኑ ይጠብቃል። ላብ በላብ ካልሆነ፣ በማግስቱ ካላመመው፣ ገንዘቡ የባከነ የሚመስለው ብዙ ነው። «ምንም አላሠራኝም» ብሎ ጂም የሚቀይር አለ። አሠልጣኞችም ይህን ስለሚያውቁ አዲስ ሰው ሲመጣ አድቅቀው ይልኩታል። ሁለቱም ወገኖች ሕመምን የጥሩ ሥራ ምስክር አድርገውታል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

እስቲ ስለ ሕመሙ እንነጋገር። ብዙ ጊዜ «ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞ ነው» ሲባል እንሰማለን። እሱ ግን እንቅስቃሴው ባበቃ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከጡንቻ ይጠፋል። ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚብሰው ሕመም ምክንያቱ ሌላ ነው። ጡንቻ ጫና ተሸክሞ ሲለጠጥ ውስጡ ጥቃቅን ጉዳት ይደርስበታል፣ ያን ተከትሎም ይቆጣል። በተለይ ያልለመደ ጡንቻ። በተለይ ደግሞ ወደ ታች በሚወርድ እንቅስቃሴ ላይ። እንጦጦ የሚወጣ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ሽቅብ ሲወጣ ትንፋሹ ነው የሚቆረጠው፣ በማግስቱ ጭኑን ቀስፎ የሚይዘው ግን ቁልቁለቱ ነው። ስኳትና ላንጅ ጀማሪን እንዲህ የሚያንገላቱት ለዚህ ነው።

ደስ የሚለው፣ ሰውነት ቶሎ ይለምዳል። ያንኑ እንቅስቃሴ ከሳምንት በኋላ ብትደግሙት ሕመሙ በጣም ቀንሶ ታገኙታላችሁ። መጠነኛ ጅማሬ ይህን መላመድ ይሰጣል፣ ሰውን ሳይሰብር። እንግዲያው መቶ ስኳት ለምን አስፈለገ? ጡንቻን የሚያጠነክረው በየጊዜው የሚጨመር ጫና፣ እረፍትና ምግብ ነው። የሕመሙ ብዛት የውጤት መለኪያ አይደለም።

ከዚህም የከፋ ነገር አለ። ያልለመደ ሰው ከአቅሙ በላይ ሲሠራ የጡንቻው ሕዋሳት በብዛት ተሰባብረው ይዘታቸው ወደ ደም ሊገባና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ብዙ ጊዜ አይከሰትም፣ ሲከሰት ግን ቀልድ አይደለም። ጡንቻው ካበጠ፣ ሕመሙ ከተለመደው ውጭ ከሆነና ሽንት የጥቁር ሻይ ወይም የኮካ መልክ ከያዘ፣ «ነገ ይሻለኛል» ሳይሉ ያኔውኑ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ይህን ለጀማሪዎች የሚናገር አሠልጣኝ አላጋጠመኝም። ሊናገሩት ይገባል።

ታዲያ ጥሩ የመጀመሪያ ቀን ምን ይመስላል? ከጥያቄ ይጀምራል። ግፊት አለብህ? ስኳር አለብሽ? መድኃኒት ትወስጃለሽ? ወገብህን ያምሃል? በፊት ስፖርት ሠርተህ ታውቃለህ? የልብ ሕመም፣ ከፍ ያለ ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ቢመጣ ይሻላል። እንዲህ ስል «አትምጡ» ማለቴ አይደለም፣ ብዙዎቹ እንቅስቃሴ የሚጠቅማቸው ሰዎች ናቸው። ቀጥሎ የጥቂት ደቂቃ ማሟሟቂያ። ከዚያ አምስት ወይም ስድስት እንቅስቃሴ፣ እያንዳንዱ አንድ ወይም ሁለት ዙር። ክብደቱ ዙሩን ስትጨርሱ «ሁለት ሦስት ጊዜ ልደግመው እችል ነበር» የምትሉት ዓይነት ይሁን። መደበኛው ረጅሙ ብረት ዲስክ (ክቡ ክብደት) ሳይገባበት ብቻውን 20 ኪሎ ነው። ለብዙ ጀማሪ እሱ ራሱ ይበቃል፣ የሚከብደውም ሰው አለ። ከ2 እና ከ3 ኪሎ ዳምቤል (በአንድ እጅ የሚያዝ አጭር ክብደት) መጀመር የሚያሳፍር ነገር የለውም።

አተነፋፈስም ከመጀመሪያው ቀን መታወቅ አለበት። ክብደት ሲያነሱ ትንፋሽን አፍኖ መያዝ የደም ግፊትን ባንዴ ከፍ ያደርጋል። ሲገፉ ወይም ሲያነሱ ማስወጣት፣ ሲመልሱ ማስገባት። ጥሩ አሠልጣኝ አጠገባችሁ ቆሞ ይህን ያያል፣ ስልኩን እየነካካ አይቆጥርላችሁም።

ከቆላ አካባቢ ወይም ከውጭ አገር ለመጣ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ትሬድሚል (የመሮጫ ማሽን) ላይ በቀላሉ የሚሮጥ ሰው እዚህ በዚያው ፍጥነት ቢሞክር ትንፋሽ ያጥረዋል። አቅሙ ጠፍቶ አይደለም፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ፍጥነቱን ቀንሶ ቢጀምር ይበቃዋል።

አሁን ብዙዎቻችን ወደምንመጣበት ጉዳይ እንምጣ፦ ቦርጭ። በቀን ሁለት መቶ ሲትአፕ (በጀርባ ተኝቶ ቀና ማለት) ቢሠሩ የሆድ ጡንቻ ይጠነክራል እንጂ ከላዩ ያለው ስብ ተለይቶ አይሄድም። ሰውነት ስብ ሲቀንስ ከየት እንደሚጀምር አይታዘዝም። ወገብ ላይ ፕላስቲክ ጠቅልለው ትሬድሚል ላይ የሚሮጡ ሰዎች ሳይ ያሳዝኑኛል፣ ምክንያቱም «ቦርጭ ያጠፋል» ብሎ የነገራቸው ሰው አለ። በላብ የወጣው ውሃ ነው። ሁለት ብርጭቆ ሲጠጡ ይመለሳል። ውሃ ጥማቱና ሙቀቱ ግን ሊጥላቸው ይችላል። ቦርጭ የሚቀንሰው በምግብ መጠን፣ በእንቅልፍና በወራት ሥራ ነው። በ21 ቀን እናጠፋለን የሚል ማስታወቂያ የለጠፈ ጂም ካያችሁ እለፉት።

በመጀመሪያው ወር ሚዛን ላይ ብዙ ለውጥ አትጠብቁ። እንዲያውም ጡንቻ ውሃ ስለሚይዝ ትንሽ ልትጨምሩ ትችላላችሁ። መስተዋትም ብዙ አይነግራችሁም። የሚለወጠው ሌላ ነው። ሦስተኛና አራተኛ ሳምንት ላይ ያኔ የከበዳችሁ ክብደት ሲቀላችሁ ታያላችሁ። ጡንቻው ገና አላደገም፤ ነርቮቻችን ያለውን ጡንቻ አስተባብረው ማዘዝ ተምረዋል። እንቅልፍ ይስተካከላል። አራተኛ ፎቅ ያለ ቢሮ ሊፍቱ ሲበላሽ እንደ ድሮው አያስለከልክም። እነዚህን የሚጽፉበት ትንሽ ደብተር መያዝ፣ ወይም ስልክ ላይ መመዝገብ፣ ከሚዛን በላይ ያበረታል።

ስንት ቀን? ለጀማሪ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ መሐሉን እያረፉ፣ ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉና ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ እንዲጨምሩ ይመክራል። ፈጠን ያለ የእግር መንገድ ከ150ው ውስጥ ይገባል። ሁሉም ደቂቃ የግድ ጂም ውስጥ መሆን የለበትም።

ጾም ላይ ደግሞ ግራ የሚገባቸው ብዙ ናቸው። «ሥጋና እንቁላል ካልበላሁ ምን ዋጋ አለው?» ብለው ሁዳዴን ሙሉ የሚያቆሙ አሉ። 55 ቀን ማቆም ለጀማሪ ከዜሮ መጀመር ማለት ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራና ለውዝ ፕሮቲን አላቸው፣ ለጀማሪ በደንብ ያስኬዳሉ፤ መጠኑን ጨመር ማድረግ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት በባዶ ሆዱ ከሚታገል፣ በልቶ ትንሽ ቆይቶ ወደ ማታ ቢሄድ ይመረጣል። በረመዳን ብዙዎች ከኢፍጣር በኋላ ይሠራሉ፣ አንዳንዶቹም ሊያፈጥሩ ሲቃረቡ ቀለል ያለ ነገር ይሠራሉ። ሁለቱም ይቻላል፣ ክብደቱንና ጊዜውን ቀንሶ። ጾሙን የማያውቅና የማያከብር አሠልጣኝ ግን እዚህ አገር ሥራውን አያውቅም ብዬ ነው የማምነው።

ከጂም ውጭም ፈተና አለ። እኛ አገር ስለ ሰው ሰውነት አስተያየት መስጠት ሰላምታ ነው። «ወፈርሽ!» ያሉሽ አክስት፣ ሦስት ኪሎ ስትቀንሺ «ከሳሽ፣ ምን ሆንሽ? አሞሽ ነው?» ይላሉ። ሴት ክብደት ስታነሳ ደግሞ «ወንድ ልትመስዪ ነው» ይመጣል። አትመስልም። ሴቶች ጡንቻ የሚያሳድገው ሆርሞን ከወንዶች በጣም ያነሰ ስላላቸው ያን ዓይነት ጡንቻ ሳያስቡት አያወጡም። የሚያገኙት ጥንካሬ ነው፣ አጥንትም ይጠቀማል። ሰው ሲያያት የምትሸማቀቅ ሴት ካለች ሰው በማይበዛበት ሰዓት መጀመር ትችላለች። የሴቶች ሰዓት የለዩ ጂሞችም አሉ። አሠልጣኝ ሳያስፈቅድ ከነካካ ግን ያ ይሉኝታ የሚያዝበት ጉዳይ አይደለም። ወዲያው መናገር፣ ለባለቤቱም ማመልከት ነው።

ወጣት ወንዶችን የሚጎዳው ሌላ ነው። ገና በሁለተኛው ወር «መርፌ ብትወጋ ቶሎ ታበጣለህ» የሚል ሰው አይጠፋም። ስቴሮይድ ነው የሚሉት። ልብን፣ ጉበትንና የመውለድ አቅምን የሚጎዳ ነገር ነው። ሎከር ክፍል ውስጥ በሹክሹክታ ከሚሸጥ ማንኛውም ነገር ራቁ።

ከመክፈላችሁ በፊት፣ መሄድ በምታስቡበት ሰዓት ሄዳችሁ ጂሙን እዩት። ከሥራ መልስ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስንት ሰው አንድ ማሽን ላይ ተሰልፏል? ሻወሩ ውሃ አለው? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ ወይስ ጨለማ ውስጥ ትቀራላችሁ? አንድ ቀን በነፃ ሞክሩ ይላሉ? የዓመት ቅናሽ ያጓጓል፣ እኔ ግን ለጀማሪ የአንድ ወር ብቻ እንዲከፍል እመክራለሁ። ቅርበት ከማሽን ብዛት ይበልጣል። ቦሌ ያለ ምርጥ ጂም አያት ሰፈር ለሚኖር ሰው በዚህ ትራፊክ ምኑ ነው? ፎጣ፣ ነጠላ ጫማና ለውስጥ ብቻ የሚሆን ንጹሕ ጫማ ይዛችሁ ሂዱ፣ ክረምት ላይ በተለይ። ያነሳችሁትን ብረት ቦታው መልሱ።

እዚያ ስትደርሱ ደግሞ «ዛሬ የመጀመሪያ ቀኔ ነው፣ ቀለል አድርገህ አስጀምረኝ» በሉት። ሲበዛባችሁ «በቃኝ» በሉ። የሚቆጣ አሠልጣኝ ካጋጠማችሁ ሌላ ጠይቁ። የከፈላችሁት እናንተ ናችሁ፣ ጉልበቱም የእናንተ ነው።

ለጂም ባለቤቶችም የምለው አለኝ። የግፊት መለኪያ ከአንድ ትሬድሚል ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ኢምንት ነው፣ መዝገቡ ጠረጴዛ ላይ አንድ አስቀምጡ። ለአዲስ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት የሚያስኬድ ቀላል ፕሮግራም አዘጋጁ፣ «ፐርሰናል» (የግል አሠልጣኝ) ካልከፈለ ብላችሁ ብቻውን አትተዉት። ሳምንት ከቀረ ይደወልለት። ለአሠልጣኞቻችሁ ጉርሻና እድገት ስታስቡም ማን ደንበኛውን በላብ እንዳጠበ ሳይሆን፣ ካስጀመራቸው ጀማሪዎች ስንቱ ሦስተኛ ወሩን እንደደረሰ ቆጥራችሁ ስጡ።