ሳያነቡ የሚያግዱ ብፁዓን ናቸው

ማንበብ አድካሚ ነው። ዓይን ይፈጃል፣ ጊዜ ይበላል፣ ይባስ ብሎ አንዳንዴ ሐሳብ ያስቀይራል። ይህን አደጋ ቀድመው የነቁበት የአሜሪካ ትምህርት ቤቶችን መደርደሪያ የሚጠብቁልን ወላጆችና ቦርዶች ናቸው። ዕድሜ ይስጣቸው። እኛ አንድ መጽሐፍ ለመንቀፍ ሦስት መቶ ገጽ ስንዳክር፣ እነሱ አንድ ቅጽ ሞልተው ይገላገላሉ።

እ.ኤ.አ. በ2023 ፍሎሪዳ፣ ማያሚ ሌክስ ውስጥ አንዲት እናት በአማንዳ ጎርማን ግጥም ላይ አቤቱታ አቀረቡ። በጥር 2021 በባይደን በዓለ ሲመት ላይ ዓለም እየሰማ የተነበበው ግጥም ነው። ቅጹ ደራሲው ማን ነው ብሎ ይጠይቃል። መልሱ፦ ኦፕራ ዊንፍሬ። ኦፕራ የጻፈችው መግቢያውን ብቻ ነበር። ይሄ ታዲያ ስህተት ነው? ኧረ በፍጹም! ማንን እንደሚከሱ ሳያውቁ መክሰስ እኮ ከአድልዎ የጸዳ ፍርድ ነው። ትምህርት ቤቱም ነገር አላበዛም፤ መጽሐፉን ከትንንሾቹ አንስቶ ወደ ትልልቆቹ መደርደሪያ አዛወረው። አንዲት እናት፣ አንድ ቅጽ፣ አለቀ።

ግጥምስ ድሮም ነገረኛ ነው እንበል። እዚያው ፍሎሪዳ ያለው ኤስካምቢያ ካውንቲ ግን ከ1,600 በላይ መጻሕፍትን “ይመርመሩ” ብሎ ሲያወርድ መዝገበ ቃላትም አብረው ወረዱ። የክፍለ ግዛቱ ሕግ ወሲባዊ ድርጊትን የሚገልጽ መጽሐፍ አይወድም። መዝገበ ቃላት ደግሞ ባለጌ ነው፤ ያገኘውን ቃል ሁሉ ይፈታል። ጨዋ ቢሆን ኖሮ “ኤስ” ፊደል ላይ ሲደርስ ዓይኑን ጨፍኖ “ቲ” ላይ ያርፍ ነበር።

አላባማ፣ ሃንትስቪል የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ደግሞ አንድ የሕፃናት ተረት ተጠርጣሪዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ታሪኩ የአንዲት ልጅና የትንሽ ወንድሟ ነው። ጥፋቱ? የደራሲዋ የአባት ስም “ጌይ” መሆኑ፤ በእንግሊዝኛ “ግብረ ሰዶማዊ” እንደ ማለት ነው። ሽፋኑ ይህን ሁሉ ከተናገረ፣ ውስጡን መግለጥ ምን ይሠራል?

አንብበው የሚከሱም አይጠፉም፤ ልፋታቸውን አንንቅም። ሩቢ ብሪጅስ በ1960 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ነጮች ብቻ ወደሚማሩበት ትምህርት ቤት ስትገባ የ6 ዓመት ልጅ ነበረች። ከሚሰድባት ሕዝብ የሚጠብቋት የፌደራል ማርሻሎች አጅበዋት ነበር። ይህንኑ ለልጆች በጻፈችው መጽሐፍ ላይ ቴነሲ፣ ዊሊያምሰን ካውንቲ ውስጥ ቅሬታ ተነሳ። ቅር ያሰኘው ጥቁር ልጆች እንዳይገቡ የፈለጉ “የተቆጡ ነጮች” መጠቀሳቸው ነው። እውነትም ልጅቷ ጨዋነት ይጎድላታል። “ሊቀበሉኝ የወጡ ጎረቤቶች” ብትላቸው ምን ነበረበት?

እንዲህ ያለ ሥራ ሠራዊት የሚጠይቅ ይመስላችሁ ይሆናል። ዋሽንግተን ፖስት የ2021-22 የትምህርት ዘመን አቤቱታዎችን ሲመረምር፣ ከ1,000 በላይ ከሚሆኑት ውስጥ 60 በመቶውን ያቀረቡት 11 ሰዎች ሆነው ተገኙ። አንድ የኳስ ቡድን ማለት ነው፣ ያውም ያለ ተቀያሪ። የተቀረው ወላጅ ሥራ ውሎ፣ ራት ሠርቶ፣ ልጁን ያስተኛል። አሜሪካ ያለው የኛም ሰው እንደዚያው፤ የቦርድ ስብሰባው ምሽት ላይ ነው፣ ያኔ ደግሞ ሁለተኛው ሥራ ይጀመራል።

አንድ ጊዜ ብቻ ነገሩ ተበላሽቷል። ዩታ ውስጥ ጸያፍ መጻሕፍትን ከትምህርት ቤት በሚያግደው የክፍለ ግዛቱ ሕግ የተናደደ ወላጅ፣ “እንግዲያው ይሄም ይታይልኝ” ብሎ በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ አቤቱታ አስገባ። የዴቪስ ትምህርት ዲስትሪክት ኮሚቴ በ2023 መጽሐፉን ከአንደኛና ከመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስወጣው። ጩኸቱ ሰማይ ነካ። በሳምንታት ውስጥ ቦርዱ መለሰውና፣ ከጸያፉና ከዓመፁ ይልቅ መጽሐፉ ለልጆች ያለው ዋጋ ይበልጣል አለ። መጽሐፍን በሁለት ገጽ ሳይሆን በጠቅላላው መመዘን! ምን ነካቸው? አንብበው ይሆን እንዴ? ይህ ልማድ ወደ ሌሎቹ መጻሕፍት ሳይዛመት አንድ ሰው ቶሎ ቅጽ ይሙላ።